የጸሎት ርዕስ ቁጥር አራት

ተማሪዋ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሰው አገር ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ጃንጥላና ሦስት ዓይነት የሆድ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱን የያዘችው እናቷ ስላስጨነቀቻት ነው። ኋላ ጉድ የሠራት ግን ሆዷ ሳይሆን አፏ ሆነ፤ ለአፍ ደግሞ መድኃኒት የሚሸጥ ፋርማሲ እስካሁን አልተከፈተም።

ፕሮግራሙ "ትምህርት፣ ጉዞና አገልግሎት" ይባላል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ ትማራለች። ከሰዓት በኋላ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር እየዞረች ሕመምተኛ ትጠይቃለች፣ ልጆች መዝሙር ታስጠናለች። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከሌሎች አምስት ተማሪዎች ጋር አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቃ ለአራት ቀን ወደ ገጠር ትወጣለች። የአገሩን ቋንቋ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለተማረችው አልቸገራትም። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቅን ናት፣ ታታሪ ናት፣ ሰው ሲያለቅስ ካየች አብራ ታለቅሳለች። ኮሌጅ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ከሌላ ሕዝብ ጋር እንዴት እንደሚኖር ነበር። ሽማግሌው መምህር "የአገልግሎት ግማሹ ጆሮ ነው" እያሉ ጠረጴዛ ይመታሉ። በዚህ ትምህርት ፈተና ተማሪዋ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች።

ማደሪያ የተሰጣት አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍልና ሳሎን አለው፤ ሳሎኑ ግን ሳሎን የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ የስፌት ክፍል ነበር። መስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አጠገቡ በካውያ የተለበለበ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ያላለቁ ቀሚሶች በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ እጅጌ ይቀረዋል፣ አንዱ ጫፉ አልታጠፈም፣ አንዱ ገና በጠመኔ ተሰምሮ ቀርቷል። እዚያ ቤት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እስፒል ይወጋዋል፤ ተማሪዋም ይህን የተማረችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋ ሦስት አራት እስፒል በከንፈሯ ነክሳ እንደልቧ ታወራለች፤ አንድም ወድቆባት አያውቅም።

ገና በሩ ላይ እንዳየቻት "ፓስተሬ" አለቻት።

"ኧረ እኔ ፓስተር አይደለሁም፣ እትዬ።"

"ትሆኛለሽ። ይኸን ሁሉ መጽሐፍ ተሸክሞ ሌላ ምን ይኮናል? ግቢ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።"

ስሙ እዚያው ጸደቀ። የልጅ ልጇም ወዲያው ተቀበለችው። ይህች ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከሰውነቷ ማነስ የተነሣ ሚጢጢ ይሏታል፤ ነገሯ ግን የአሮጊት ነው። እናቷ ጡት ሳትጥል ትታት ሄዳ ሌላ ትዳር ይዛለች። አባቷ፣ የልብስ ሰፊዋ አንድያ ልጅ፣ መርከብ ላይ ይሠራል። ይህን ለተማሪዋ የነገረቻት ሚጢጢ ራሷ ናት፤ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳውን የሞሉትን የመርከብ ሥዕሎች አንድ በአንድ እያሳየች። በየወሩ ደብዳቤ ይመጣል። አያትየው መነጽሯን ሰክታ ታነብላታለች፤ ዓሣ ነባሪ አየሁ ይላል፣ ማዕበል አናወጠን ይላል፣ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ደግሞ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገር እነግርሻለሁ ይላል።

ሐሙስ ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ ዘንቢል ይዛ "የደንበኛ ልብስ ላደርስ ነው" ብላ ትወጣለች። በአምስተኛው ሳምንት ወገቧን ያዛትና ጎንበስ ቀና ማለት አቃታት። ሐሙስ ትምህርት የለም፤ ተማሪዋ "እኔ ልያዝልዎት" ብላ ዘንቢሉን አነሣች። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ተይው፣ አንዴ እሺ፣ አንዴ ደግሞ ተይው እያለች ብዙ አቅማማች። በመጨረሻ ወገቧ አሸነፋትና አብረው ወጡ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የወረዱት አንድ ረጅም ግንብ ፊት ነው። የግንቡ ራስ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በሩ ላይ ዘንቢልና ፌስታል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል።

"ባሕሩ ይኸውልሽ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሰልፉ ላይ ቆመው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ሲነዳ እንቅልፍ አዳፋውና መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጭቶ ገደለ። ስድስት ዓመት ፈረዱበት፤ ሦስቱን ጨርሷል። ጎረቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ልጅቷም የሚያውቁት መርከቡን ብቻ ነው።

"መዋሸቴን አውቃለሁ፤ እንዳትሰብኪኝ" አለች። "ሲፈረድበት የለመነኝ አንድ ነገር ነው። 'እማዬ፣ ልጄ ይኸን ከሰው አፍ እንዳትሰማው። ነፍስ ስታውቅ፣ ስምንት ሲሞላት አምጪልኝና በራሴ አፍ እነግራታለሁ' አለኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ቃሉን ሲያሰናዳ ነው የኖረው። እንዲህ ብላት ይሻላል እንዲያ ብላት ይሻላል እያለ ሐሙስ በመጣሁ ቁጥር ይጠይቀኛል። አራት ወር ቀረው። አደራ፣ ልጄ።"

"ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ" አለች ተማሪዋ። "ከእኔ አይወጣም።"

ከልቧ ነበር። ሰው አደራ የሚበላው ሁልጊዜ አስቦ አይደለም፤ አንዳንዱ እየጸለየ ይበላል።

በሳምንቱ ሚኒባሷ ወደ ገጠር ወጣች። መሪያቸው አስተባባሪው ነው፤ ቀጭን፣ ትጉህ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ከራሱ ጥላ ይልቅ የሚያምን ወጣት። ሁለት ቀን ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም ሲቀቡ ዋሉ። ልጆች መዝሙር አስተማሩ፤ ልጆቹ በበኩላቸው ጎማ ሲፈነዳ እንዴት እንደሚቀየር አስተማሯቸው። ፊቷ ላይ የነጠበውን ቀለም እንኳ ሳታጥብ ነበር ተማሪዋ በየቀኑ የምትተኛው፤ እንዲህ ተደስታም አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ቆሙ። እነዚህ ሰዎች ጋ ክብ ሲሠራ እያንዳንዱ የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። ርዕስ የሌለው ሰው እምነቱ እንቅልፍ የያዘው ይመስልበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈልጋል። ደግሞም አማኝ ሐሜት አያውቅም፤ የሚያውቀው የጸሎት ርዕስ ብቻ ነው። አንዱ የአባቱን ጉልበት አስያዘ። አንዷ ፈተና አለብኝ አለች። ሦስተኛው ስለ ሚኒባሷ ጎማዎች እንጸልይ ብሎ ሳቁ። ተራው ተማሪዋ ጋ ሲደርስ የሚጢጢ ሥዕሎች ዓይኗ ላይ መጡባት።

"ስሙን የማልጠራው አንድ አባት አለ" አለች። "እስር ቤት ነው። ልጁ ግን መርከብ ላይ ነው እየተባለች ነው የምታድገው። ከእነሱ ጋ ስለምኖር ልቤ ይሰበራል። እባካችሁ ጸልዩላቸው።"

ስም አልጠራችም። ልብ በሉ፣ ስም አልጠራችም፤ የሰጠችው አድራሻውን ብቻ ነው። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ጸሎቱም የእውነት ጸሎት ነበር። ከዚያ አስተባባሪው እንደ ሁልጊዜው ደብተሩን አወጣና ጻፈ፤ ቁጥር አራት፣ ተማሪያችን የምትኖርበት ቤት፣ የትንሿ ልጅ አባት፣ እስር ቤት። እንደ ሁልጊዜውም ዝርዝሩን በስልክ ለቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ላከው። ቡድኑ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው አለ። የልብስ ሰፊዋ ስልክ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሌላ ነገር ስለማያውቅ ለእሷ አልደረሳትም። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ ግን ደርሷታል።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተማሪዋ አገር ሰላም ብላ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ መዝሙር እያዜመች በሩን ከፈተች። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። የካውያው ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ስኳር ተከምሯል፤ ለቅሶ ቤት ይመስል። ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ላይ አንድም እስፒል የለም።

"ምነው፣ እትዬ? ማን ሞተ?"

"ዛሬ ጠዋት" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ "ሚጢጢን ሰንበት ትምህርት ሰደድኳት። አስተማሪዋ፣ እግዜር ይስጣት፣ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዛ ሚጢጢን መሐል አቆመቻት። 'እስር ቤት ላለው ለሚጢጢ አባት እንጸልይ' አለቻቸው። ጸለዩላት። ከዚያ ሃያ ልጅ 'አባትሽ ምን ሠርቶ ነው?' እያለ ጠየቃት።"

ተማሪዋ ክው አለች። ቦርሳው ከትከሻዋ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

"እኔ ... ስም አልጠራሁም እኮ፣ እትዬ። ለጸሎት ብዬ ነው።"

"ለጸሎት ከሆነማ ለምን ለእግዚአብሔር ብቻ አልነገርሽውም? እሱ እንደሆነ ቤቴን ያውቀዋል። ይኸ ሁሉ ሰው ምን ያደርግለታል?"

ተማሪዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ምድር ግን እንዲህ ላለ ጉዳይ አትከፈትም። በውስጠኛው ክፍል ሚጢጢ ሥዕሎቿን አንድ ሳታስቀር ከግድግዳው አውርዳ የጨርቅ ቅዳጅ የሚጣልበት ከረጢት ውስጥ ከትታቸዋለች። አያቷን "ውሸታም" ካለቻት ወዲህ አፏን አልከፈተችም።

"ውጪልኝ አልልሽም" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የእንግዳ ልጅ መንገድ ላይ አልጥልም። ሐሙስ ግን አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እኔ ዓይኑን እያየሁ ይኸን መናገር አልችልም። አንቺ ነሽ የምትነግሪው።"

በማግሥቱ አስተባባሪው ነገሩን ሲሰማ ደብተሩን ዘጋና ግንባሩን ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእሱም እጅ እንዳለበት ገብቶታል። ከአስተማሪዋ ጋር ሄደው ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ እሷም ሻይ አፍልታ አጠጣቻቸውና ሸኘቻቸው። ለተማሪዋ ደግሞ ሌላ ቤት ሊፈልግላት ተነሣ።

"አልሄድም" አለችው።

"ለአንቺ ከባድ ይሆናል እኮ።"

"ለእነሱስ? እነሱን የት ልትወስድልኝ ነው?"

እነዚያ ሦስት ቀናት አላልቅ አሏት። ቁርስ ላይ ልብስ ሰፊዋ ዳቦውን ወደ እሷ ትገፋለች፤ ፓስተሬም ልጄም አትላትም። ተማሪዋ ስለ ይቅርታ የሚሰጥ የሃያ ደቂቃ ስብከት በቃሏ ታውቃለች፤ ባለፈው ወር አዛውንቶች መጦሪያ ሰብካበት ሰዎቹ አሜን ብለውላታል። አሁን አንዱም ነጥብ አልጠቅም አላት። ስብከቱ የተሰናዳው ለሚምሩ ሰዎች እንጂ ለሚማሩ አልነበረም።

ሐሙስ ከልብስ ሰፊዋ ጋር እስር ቤቱ ውስጥ ገባች። የጠያቂዎች ክፍል ረጅም ነው፤ መሐሉን የሽቦ ወንፊት ከፍሎታል፤ በዚህም በዚያም አግዳሚ ወንበር አለ። በዙሪያቸው ሰው ሁሉ ስለሚጮህ መጮህ ያስፈልጋል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ የእናቱ ዓይን አለው፤ ትከሻው ጎበጥ ብሏል፤ ሸሚዙ እናቱ የተኮሰችው ነው። እናቱ ስታለቅስ አይቶ ደነገጠ።

"ሚጢጢ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት" አለች ተማሪዋ። ከዚያ ነገረችው። ለጸሎት ብዬ ነው አላለችም፤ ያንን ቃል መንገድ ላይ ጥላው መጥታለች። አደራ እንደተቀበለች፣ እንደተናገረች፣ ልጁ እንዴት እንደሰማች፣ ሁሉንም ተራ በተራ ነገረችው። ስትጨርስ "አስቤ አላደረግሁትም" አለች፤ ይቺ ግን አመለጠቻት።

ልጅየው ግንባሩን ወንፊቱ ላይ አስደገፈ።

"እኔም አስቤ አልነበረም" አለ።

ሊያቆስላት ብሎ አልነበረም፤ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው። እሷ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ተንሰቀሰቀች።

"ስሚኝ፣ እህቴ" አለ። "የገጨሁት ሰውዬ ቤተሰቦች ጋ ይቅርታ ልኬ ነበር። አንድም መልስ አልመጣም። አልፈርድባቸውም። ዝምታ ምን እንደሚያደርግ ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝም አልልሽም። ተናድጄብሻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔ የምለው ይኸ ብቻ ነበር። ልታቀልይልኝ አትድከሚ፣ ደግሞ ተናደደብኝ ብለሽ አትጥፊ። ልጄን አምጪልኝ።"

ማምጣቱ ቀላል አልነበረም። ሚጢጢ አያቷንም ተማሪዋንም አታናግርም፤ ሲያስፈልጋት ለስፌት መኪናው ትናገራለች፤ "ውሃ ጠምቶኛል" ትለዋለች። ሁለት ሐሙስ አለፈ። በሁለቱም ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች። ተማሪዋ በየቀኑ ወደ ማታ ከሚጢጢ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። አትለምናትም፣ አታባብላትም፤ የኮሌጅ ማስታወሻዋን ትገለብጣለች። መምህሩ ስለ ጆሮ ያሉት ነገር የገባት ያኔ ነው፤ ለፈተና ግን ዘግይቷል።

ተማሪዋ እስር ቤት ከሄደች በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሚጢጢ በአልጋው ጫፍ ብቅ ብላ ተናገረች።

"እማማ ለምን ዋሸችኝ?"

"አባትሽ የራሱን ነገር በራሱ አፍ ሊነግርሽ ፈልጎ ነው" አለች ተማሪዋ። "እማማ ቦታውን ስትጠብቅለት ነበር። እኔ ነኝ የወሰድኩበት።"

"መልሺለታ።"

"አይመለስም፣ ሚጢጢዬ። ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ነው።"

ሚጢጢ አሰበች። "ምን ሊለኝ ነበር?"

"አላውቅም። ሦስት ዓመት ሲያዘጋጀው ነበር።"

"ሦስት ዓመት!" አለች ሚጢጢ። "ረጅም ነው ማለት ነው።" ከዚያ ተመልሳ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም በፊት ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ በሩ ሥር ቆማ ተገኘች። ልብስ ሰፊዋ ዘንቢሉን ለተማሪዋ አስያዘቻት። ግንቡ ጋ ሲደርሱ ሚጢጢ ሽቦውን ቀና ብላ አየችና የአያቷን እጅ ያዘች፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

አባቷ በወንፊቱ ማዶ ሲመጣ አያት፤ ከዚያ ቆመ። ሲለያዩ አራት ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት ሲያሰናዳው የኖረው ነገር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እንደምንም ጀመረ።

"ሚጢጢዬ ... መቼም ሰምተሻል፤ ሰዎች እንደነገሩሽ ..."

"ማንም ምንም አልነገረኝም" አለች ሚጢጢ።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ተማሪዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ምንም አልሰማሁም" አለች ሚጢጢ፣ ጫጫታው እንዳይውጣት ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ስምንት እስኪሞላኝ መጠበቅ አቅቶኝ ነው የመጣሁት። አሁን ንገረኝ።"

ልጅየው ከሴት ልጁ ራስ በላይ ተማሪዋን አያት። ልጁ ምን እንደምታውቅ ያውቃል፤ ይህን የነገረችው ተማሪዋ ራሷ ናት። ፊቱን በእጁ ሁለት ጊዜ ጠረገ። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ከዚያ አግዳሚውን ወደ ወንፊቱ ሳብ አደረገና ጎንበስ አለ።

"እሺ" አለ። "ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"

ሚጢጢ ጣቶቿን በወንፊቱ ቀዳዳ አስገብታ ለመስማት ተዘጋጀች። ተማሪዋም በዝግታ ተነሥታ፣ በጠያቂዎቹ መሐል ተሹለክልካ፣ ወደ ደጁ ወጣች። ቀሪውን አልሰማችም። እስካሁን ድረስ ሰዎች አባትየው ምን አላት ብለው ቢጠይቋት የምትነግራቸው የላትም።